ግሊሰን 6 ተብለው «አሁን አንነካውም» ለተባሉት አባትሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አባትሽ 66 ዓመታቸው ነው፤ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው፤ ግሊሰን 6 ነው ተባሉ፤ ግሊሰን የካንሰሩን ክፋት የሚለካ ቁጥር ነው፣ 6 ደግሞ በተግባር ዝቅተኛው። ሐኪሙ «አሁን አንነካውም፣ እንከታተለዋለን» አለ። ቤተሰቡ ደግሞ «ኢንሹራንሱ አልከፍል ብሎ ነው፣ ቶሎ ይውጣ» ይላል። እኔም የዛሬ ስድስት ዓመት እዚሁ ሜሪላንድ ያንኑ ሰምቼ ያንኑ ጠርጥሬ ነበር።

ያኔ 61 ዓመቴ ነው። ፒኤስኤዬ (ከፕሮስቴት የሚመነጭ፣ በደም የሚለካ ፕሮቲን) 5.2 ነበር። በባዮፕሲ፣ ማለትም ከፕሮስቴቴ በመርፌ፣ ከተወሰዱት 12 ናሙናዎች ካንሰር የተገኘው በሁለቱ ነው። ባለቤቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ካንሰር ይዘህ ቁጭ ትላለህ እንዴ?» አለኝ። ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ። የባዮፕሲውን ስላይድ አስልኬ በሌላ ሐኪም አስነበብኩት። መልሱ ያው ሆነ። የኢንሹራንሱ ጥርጣሬ የለቀቀኝ ያኔ ነው።

ግሊሰን 6 ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፕሮስቴቱ አይወጣም። ቀዶ ጥገናና ጨረር ግን ሽንት መቆጣጠር ሊያሳጡ፣ የትዳርን ግንኙነት ሊጎዱ ይችላሉ። አባቶቻችን ይህን አፍረው አያወሩትም፤ ከውሳኔው በፊት ግን መነገር አለበት።

በብሪታንያ 1,643 ወንዶችን በዕጣ ለክትትል፣ ለቀዶ ጥገናና ለጨረር መድበው 15 ዓመት የተከታተሉበት ጥናት አለ፤ ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሦስቱም ቡድን በፕሮስቴት ካንሰር የሞተው ከ100 ሰው 3 ገደማ ነው። ሳልደብቅሽ፣ በክትትል ከቆዩት ከ100 ወደ 9 ሰው ካንሰሩ ተሰራጭቶባቸዋል፤ በሌሎቹ 5 ገደማ። ከክትትሉ ቡድን ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ኋላ ላይ ታክሟል። እዚያ ክትትሉ በዋናነት በፒኤስኤ ነበር። ዛሬ ኤምአርአይና ተደጋጋሚ ባዮፕሲ ተጨምሮበታል።

የእኔ ቁጥሮች ሁሉ በአንዲት ሰማያዊ ደብተር ተጽፈዋል። ለፒኤስኤ ምርመራ ደም የምሰጠው በየስድስት ወሩ ነው። በሦስተኛው ዓመት 8.1 መጣ። ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ የሽንት ኢንፌክሽን ኖሮብኛል። መድኃኒቱን ጨርሼ ከስምንት ሳምንት በኋላ ስመረመር 5.6 ሆነ። ስለዚህ አንድ ቁጥር ከፍ አለ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ይደገም። ከደም ምርመራው በፊት ሁለት ቀን ብስክሌት መንዳትም ግንኙነትም ይቅር። ለፕሮስቴት ማበጥ ፊናስቴራይድ የሚባል መድኃኒት አባትሽ የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ፒኤስኤውን በግማሽ ያህል ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

አጥብቄ የምለምንሽ ግን ስለ ሁለተኛው ባዮፕሲ ነው። የመጀመሪያው መርፌ የባሰውን ቦታ ስቶ አልፎ ሊሆን ይችላል። እኔ የመጀመሪያው አሞኝ ስለነበር ፈራሁ፤ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አራዘምኩ። ሰባት ወር በከንቱ አለፈ። ደግነቱ ውጤቱ አልተለወጠም፤ ቢለወጥ ኖሮ ግን ጊዜው አይመለስም ነበር። አባትሽ «ደህና ነኝ፣ ምንም አያመኝም» ቢሉሽ አትስሚያቸው። በዚህ ደረጃ ሕመም የለውም። አብረሻቸው ሂጂ፤ ቀጠሮውን አንቺ ያዢው።

ለእኛ ለጥቁሮች ደግሞ ይህ ክትትል ይበልጥ ያስፈልገናል። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የወጣ ጥናት፣ በክትትል ላይ ካሉት ውስጥ ጥቁሮቹ ካንሰራቸው የመባባስ ዕድሉ ከነጮቹ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በመሰራጨትና በሞት ግን የጎላ ልዩነት አልታየም፤ ምናልባት ሲባባስ ታይቶ በጊዜው ስለሚታከም ይሆናል። ሐኪሙን ይህን ጠይቁት።

ለወንድሜ አሁን በየስድስት ወሩ ቁጥሬን እልክለታለሁ። እሱም እዚያው አዲስ አበባ ተመረመረ፤ ወንድማማች ስለሆንን የእሱም ስጋት ከሌላው ሰው ይበልጣል። ወንድሞችሽም 40 ካለፋቸው ስለ ፒኤስኤ ሐኪማቸውን ያነጋግሩ።

እስቲ ይህን ጻፊልኝ፦ ፒኤስኤያቸው ስንት ነው? ኤምአርአይ ተነስተዋል? ሁለተኛው ባዮፕሲ መቼ እንደሆነ ተነግሯችኋል? ካልተነገራችሁ ነገ ጠዋት ደውሊና ቀኑን አስቆርጪ።