ቀለሙን ተወውና መጀመሪያ ብሎኑን እይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አጎቴ ጅቡቲ ሲሠራ የገዛት አሮጌ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ አለችን። አሁን ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች፤ ሎጎ ሐይቅ ላይ ላወርዳት አስቤአለሁ። ከሆዷ ሥር ያለው ከባዱ ብረት፣ ኪል የሚሉት፣ ዝጎ እንደ ቡግር አባብጧል። ከጀልባው ጋር የሚገናኝበት ቦታም ከፊት በኩል ተሰንጥቋል። ጋራዥ ብጠይቅ "ስንጥቁን በስቱኮ ደፍነን ቀለም እንቀባዋለን" አሉኝ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ዝገቱ እንደሚያስፈራው አይደለም። ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ ትንሹ ጉዳት ትልቅ መስሎ ይታያል፤ ኪል ደግሞ ወፍራም ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፣ ላዩ ቢበላም ቶሎ አያልቅም። እኔን ያሳሰበኝ ስንጥቁ ነው። ኪሉን የያዙት ጥቂት ብሎኖች ናቸው፤ እነሱ ከለቀቁ ጀልባዋ ትገለበጣለች። በፈረንጆቹ 2014 ቺኪ ራፊኪ የምትባል የእንግሊዝ ጀልባ አትላንቲክ ላይ ኪሏ ተነቅሎ አራቱም ተሳፋሪዎቿ ጠፍተዋል።

ስለዚህ የውስጡን ወለል አንሣና ዳዶዎቹን በባትሪ እያቸው። ከዳዶው ሥር ቡናማ ውኃ የወረደበት መስመር ካለ በብሎኑ ቀዳዳ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ቀጥለህ ጀልባዋን በሰፊ ቀበቶ በክሬን ትንሽ አስነሣትና ኪሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ስንጥቁን ራቅ ብለህ ተመልከት፤ ከሥሯ ማንም እንዳይገባ፣ አደራ። ስንጥቁ አፉን ከከፈተ ብሎኑ ላልቷል ወይም ተበልቷል። ባይከፍትም አንድ ብሎን አውጥተህ እይ። ስቴንለስ ነው ብለህ አትመን፤ ስቴንለስ አየር በማያገኝበት እርጥብ ቦታ ይበላል፣ ጫፉ እያብለጨለጨ ልክ መገጣጠሚያው ላይ ቀጥኖ ታገኘዋለህ። አንዱ ከቀጠነ ሁሉንም ለውጥ። ቶርኖ ቤት ስታሠራም ውፍረቱም የብረቱ ዓይነትም ያው ይሁን፤ ፌሮ ላይ ጥርስ አውጥተው እንዳይሰጡህ። ኪሉን እንበይደው ካሉህ እምቢ በል፣ ጊዛ ሲበየድ በቀላሉ ይሰነጠቃል። መገጣጠሚያው የሚደፈነው እንደ ጎማ በሚለጠጥ የጀልባ ፖሊዩሬቴን ነው። ስቱኮ ደረቅ ስለሆነ ኪሉ ትንሽ ሲነቃነቅ ይፈነዳል።

የብሎኑ ሥራ ካለቀ በኋላ ወደ ቀለሙ። ጀልባዋ የባሕር ጨው የጠጣች ናት። ዝገቱን በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ አንሥተህ ጉድጓዶቹን በንጹሕ ውኃ ደጋግመህ እጠብ፤ ጨው ከቀረ ቀለሙ መልሶ ያብጣል። ሲደርቅ ብረቱ እስኪያበራ እንደገና ፈግፍገውና በዚያው ቀን ኢፖክሲ አንቲረስት ቀባው። ለነገ ካልክ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይጠብቅሃል። ኮምቦልቻ መሆንህ ጥሩ ነው፤ ብዙው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይደርቅም፣ የደሴ የኅዳር ብርድ ያስቸግርህ ነበር። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ረፋድ ላይ ጀምር፣ የበልግ ዝናብ ሳይመጣም ጨርስ።

የባሕር ጀልባ ሆድ ላይ የሚቀባውን መዳብ ያለበት ቀለም ግን ተወው። ባዶ ብረት ከነካ ዝገቱን ያፋጥናል፣ ሎጎ ደግሞ ዓሣ የሚጠመድበት ውኃ ነው። ብሎኑን ስታወጣው ፎቶውን ላክልን፣ አይተን እንነግርሃለን።