መብራት ሄዶ ያመለጠኝ ሠርግ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እዚህ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ካፌ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፊልም እያየሁ ነበር። ካትሪን ሄፕበርን ልትዳር ነው፤ እጮኛዋ፣ የቀድሞ ባሏና አንድ ጋዜጠኛ ከበዋታል። ልክ ሊለይለት ሲል መብራት ድርግም! ማንን አገባች?
ከታቦር ሰፈር

መልስ፦ እህቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» ነው። እጮኛዋን ራሷ አሰናበተችው። ጋዜጠኛው እኔ ላግባሽ አላት፤ እምቢ አለች። (እኔ ብሆን እሱን ነበር!) እንግዳው ተቀምጦ ሲጠብቅ የቀድሞ ባሏ ለእንግዶቹ የምትናገረውን ቃል በቃል ሹክ ይላታል፤ እሷም እየተቀበለች ትናገራለች። በዚያው ሠርግ መልሳ እሱን አገባች። መጀመሪያ ላይ የጎልፍ ዱላውን በጉልበቷ የሰበረችበት ሰውዬ ማለት ነው። ኦስካሩን ግን ጋዜጠኛው ጄምስ ስቱዋርት ወሰደው።