ጠዋት የተቀዳ ደም

ሰሞኑን አታችመንት፣ ማለትም የተግባር ልምምድ ላይ ያለ አንድ የላብራቶሪ ተማሪ «ጋሼ፣ ለስኳር ጠዋት የተቀዳ ደም ከሰዓት ቢሰራ ችግር አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ እንደ ቀላል ነገር ነው የጠየቀው፣ እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዋሽ ሸለቆ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር የምሰራው፣ ሙቀቱ ታውቁታላችሁ። አንዲት እናት ውሃ ውሃ ይለኛል፣ ከሳሁ ብላ መጣች። በባዶ ሆዷ በቀይ ክዳን ቲዩብ ቀዳኋት፣ ያኔ ስኳሩ እንዳይወርድ ፍሎራይድ የተጨመረበት ግራጫ ክዳን ቲዩብ የት ተገኝቶ። ደሙን አሽከርክሮ ፈሳሹን ከሴሉ የሚለየው ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ሳልከተው መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተር የሚያስነሳው ሰውዬ ደግሞ ለቅሶ ሄዷል። ቲዩቡን መስኮቱ ስር ትቼው ቡና ልጠጣ ወጣሁ። መብራት የመጣው ከ4 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፣ ለይቼ ሰራሁት፣ 119 መጣ፣ ጻፍኩላት። የስኳር በሽታ የሚባልበት 126 ስላልደረሰ ስኳር የለብሽም ተብላ ሄደች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ራሷን ስታ በቃሬዛ አመጧት። ሪፈር ተብላ ሆስፒታል ገባች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ከዛ በኋላ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ትመርቀኝ ነበር፣ እኔም አንድ ቀን እንኳን እውነቱን አልነገርኳትም።

የደም ሴል ቲዩብ ውስጥ ሆኖም ስኳሩን መብላቱን አያቆምም፣ በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 ፐርሰንት ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይብሳል፣ ነጭ የደም ሴሉ በጣም የበዛ ሰው ላይም እንደዛው። ይሄን ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። በእጅ የሚዞረው አሮጌ ሴንትሪፊውጅም ጠረጴዛው ስር ጨርቅ ለብሶ ተቀምጦ ነበር፣ እሱ ነው እስከዛሬ የሚቆጨኝ።

የዛሬ ልጆች ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር አምናችሁ ትፈርማላችሁ፣ እኛ እንደዛ አልነበርንም ልላችሁ ነበር፣ ግን ያን ቀን እኔም ያረኩት እሱኑ ነው። ግራጫ ክዳን አለን ብላችሁም አትዘናጉ፣ ፍሎራይዱ ሙሉ ለሙሉ እስኪይዝ ሰዓታት ይፈጃል፣ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ስኳሩ መውረዱን አይተውም። በረዶ ውሃ ውስጥ አድርጎ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መለየት ነው፣ ከተለየ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድርም ችግር የለውም።

ልጄ፣ ያ የጠየቅከኝ ደም ሳይለይ ከሰዓት ከደረሰ አትስራው። ሰውየውን ጥራው፣ ቢቆጣህም ይቆጣህ፣ ነገ በባዶ ሆዱ ይምጣና እንደገና ቅዳው።