የጠዋቱ ስኳር ደህና ሆኖ የሦስት ወሩ ለምን ከፍ አለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ዓይነት 2 ስኳር አለባቸው፤ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ከአንድ ወር ወዲህ ምግባቸው ላይ ስለጠነከርን ጠዋት በባዶ ሆድ ስንለካቸው ከ115 እስከ 120 ነው። ባለፈው ሳምንት ግን የሦስት ወሩ ምርመራ 8.4 መጣ። መለኪያችን ተበላሽቶ ይሆን? እሳቸውም «በከንቱ ነው የተራብኩት» እያሉ አዝነዋል።

መልስ፦ እህቴ፣ በከንቱ አልተራቡም፤ ይህን አሁኑኑ ንገሪያቸው። ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በጣት የምትለኪው የዚያችን ሰዓት ስኳር ነው። የሦስት ወሩ፣ ሐኪሞች ኤ ዋን ሲ የሚሉት፣ ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው የሚያየው፤ ሴሉ ደግሞ ወደ 120 ቀን ስለሚኖር ከመጠንቀቃችሁ በፊት የነበረው ስኳርም አብሮ ይቆጠራል። 8.4 ማለት በጣት መለኪያው ቁጥር ሲታሰብ በአማካይ ወደ 194 ነው፣ 7 ደግሞ ወደ 154። ሦስት ወር ሲሞላ አስደግሙት። የደም ማነስ ካለባቸውም ለሐኪሙ ንገሩት፣ የብረት እጥረት ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ከምግብ በኋላ ያለው ነው። ጠዋት 115 የነበረ ሰው ምሳ ላይ እንጀራ ደራርቦ፣ ቡናውን በስኳር ጠጥቶ፣ ማታ ደግሞ ዘመድ ቤት ጠላ ሲጨመርበት ከ200 ሊያልፍ ይችላል፣ ጠዋት ብቻ የሚለካ ቤት ግን ይህን አያየውም። ስለዚህ በሳምንት ጥቂት ቀን ምግብ ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩላቸው፤ ቁጥሩን ከበሉት ጋር ጻፉትና ለሐኪሙ አሳዩ።

ቁጥሩን ማውረድ ዋጋ አለው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዞች ትልቅ ጥናት ዓይነት 2 ያለባቸውን ተከታትሎ፣ የሦስት ወሩ ቁጥር 7 አካባቢ በሆነላቸው ሰዎች 7.9 ከነበረባቸው ይልቅ እንደ ዓይንና ኩላሊት ባሉ የጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሩብ ቀንሶ አግኝቶታል። ግን ባወረድነው ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ6 በታች ለማውረድ የተሞከረበት ጥናት፣ በዚያ ወገን የሞቱት ስለበዙ ያ ሕክምና ቀድሞ ተቋርጧል። ለብዙ ሰው ግቡ 7 አካባቢ ነው፤ ዕድሜያቸው ለገፋና ሌላ ሕመም ላለባቸው እስከ 8 ይፈቀዳል። የእናትሽን ሐኪሙ ይወስን።

ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር ከልክ በታች የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው። ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ከተጨመረላቸው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም አደገኛ ነው፤ ጾም ሳይገባ ሐኪሙን አማክሩ። ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡና ከ70 በታች ከሆኑ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩና አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ።