ለመድገሚያ ጊዜ አስቀምጡ

ልጆች፣ ባዮኬሚስትሪ ለመቀጠል ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ መስከረም ሲጠባ ማስተርስ ልትጀምሩ ነው። እዚህ ድሬዳዋ አንድ የምርምር ቡድን ዓመቱን እንዴት እንደሚገፋው ቁጭ አድርጎ የሚነግራችሁ ሰው የለም። ዕድሜዬን ላብራቶሪ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝና እኔ ልንገራችሁ።

ቡድናችን ትንሽ ነው። የምንሠራው በግመል ወተት ፕሮቲን ላይ ነው። ወተቱ ከሽንሌና ከኤረር በኩል በየማለዳው ከተማ ይገባል፤ ናሙና ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ለሳይንስም ጉደኛ ወተት ነው። የላም ወተት የሚያረጋው የጥጃ ኢንዛይም፣ ካይሞሲን የሚባለው፣ የግመልን ወተት በወጉ አያረጋም። የግመሏ የራሷ ካይሞሲን ግን የላሙንም ወተት ከጥጃው አስበልጦ ያረጋል። ዛሬ የውጭ ፋብሪካዎች ይህንኑ የግመል ኢንዛይም በሻጋታ እያመረቱ ለአይብ ሠሪ ይሸጡታል።

አዲስ ተማሪ ሁሉ የሥራ ዕቅድ ሠንጠረዥ ይዞ ይመጣል። ጥቅምት ፕሮፖዛል፣ ኅዳር ናሙና፣ ታኅሣሥ ሙከራ፣ ጥር ትንተና፣ የካቲት ጽሑፍ። ሲያዩት ያምራል። ግን እያንዳንዱ ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጻፈው። እኔም ሁሌ የምጠይቀው ያንኑ ነው፤ «የምትደግመው መቼ ነው?» ብዙዎቹ «ካልሠራ እደግመዋለሁ» ይላሉ። የእኔ ጭንቀት ደግሞ ያልሠራው አይደለም። ያልሠራውን ማንም ይደግመዋል። ያማረውን ማን ይደግማል?

መጀመሪያ ጊዜው የት እንደሚሄድ ተመልከቱ። በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ተማሪው ጥቅምት ላይ ሲደርስ ከበጀት ዓመቱ ሩቡ አልፏል። ከዚያ ፕሮፎርማ መሰብሰብ አለ፣ የውጭ ምንዛሪ መጠበቅ አለ፣ ጉምሩክ አለ። ኅዳር ላይ የጠየቃችሁት ኢንዛይም መጋቢት ላይ ከመጣ እልል በሉ። እሱም በበረዶ ታሽጎ ነው የሚመጣው። የሚከታተለው ሰው ከሌለ መጋዘን ውስጥ ሲያድር በረዶው ያልቅና እጃችሁ የሚገባው ውድ ዱቄት ብቻ ይሆናል፤ ኢንዛይሙ ሞቷል። ስለዚህ የሪኤጀንት፣ ማለትም የሙከራ ኬሚካሎች፣ ዝርዝራችሁን ከፕሮፖዛሉ በፊት ጻፉ። ግዢ ክፍል ስትሄዱ ደግሞ ፊታችሁን አትቋጥሩ። እነዚያ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የሚሰሙት ቁጣ ነው፤ በሰላምታ የሚገባ ሰው አይረሱም።

ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው። በዚያ ሰሞን የድሬዳዋና የሐረር መንገድ ጢም ይላል። እዚህ የሌለ መሣሪያ ሲያስፈልገን ናሙና ይዘን ደንገጎን ወጥተን ሐረማያ እንሄዳለን። በቁልቢ ሳምንት ግን አይስ ቦክስ ታቅፎ ሚኒባስ መጠበቅ ራስን መቅጣት ነው። ካላንደራችሁ ላይ ከአሁኑ አክብቡት።

ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል። የውጭ መመሪያ «በክፍል ሙቀት 10 ደቂቃ አቆዩ» ሲል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የእኛ ክፍል ከ30 በላይ ነው። ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ እየገፋን በክብደታቸው መስመር በመስመር የምንለይበትን አክሪላማይድ ጄል ስታዘጋጁ ሙቀቱ መርጋቱን ያፈጥነዋል። ማነቃቂያውን ጠብ አድርጋችሁ መስታወቱ ውስጥ ልትሞሉ ስትሉ ብልቃጡ ውስጥ እንዳለ ድርቅ ይላል። ስለዚህ ጄል የሚሠራ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላብራቶሪ ይገኛል። ጓንት ማድረግም አትርሱ፣ ፈሳሹ ለነርቭ መርዝ ነው። ከሰዓት የጀመረ ሰው ደግሞ ጄሉ መሀል ላይ ሳለ መብራት ይሄድበታል። መስመሮቹ ባሉበት ደብዝዘው ይቀራሉ። አቦ፣ ያን ቀን ተማሪዬን ማናገር አይቻልም።

ይህን ሁሉ ስትቀንሱ ለሙከራ የሚተርፋችሁ ጊዜ ጥቂት ነው። ጥቂት ስለሆነም ሰው አንዴ ሠርቶ ሊገላገል ይፈልጋል።

አንዲት ተማሪያችን የሆነችውን ላጫውታችሁ። ገበያ ላይ ከተለያዩ ሻጮች የግመል ወተት ገዝታ፣ አጓቱን ለይታ፣ ጄል ላይ አስሮጠችው። በላም ወተት አጓት ውስጥ ቤታ ላክቶግሎቡሊን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ክብደቱ 18 ኪሎዳልተን ገደማ ነው። የግመል ወተት ይህ ፕሮቲን የለውም። ስለዚህ በግመል ወተት ናሙና ላይ እዚያ ቦታ መስመር ከታየ የላም ወተት ተቀላቅሎበታል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ልጅቷ ሰማያዊ ቀለሙን አጥባ ጄሉን መብራት ላይ ስትዘረጋው በአንዷ ሻጭ ናሙና ላይ ቀጭን መስመር ታየ። ልክ እዚያው ቦታ። እየሮጠች ቢሮዬ መጣች። ርዕሱን ሁሉ ጨርሳዋለች፤ በገበያ ወተት ላይ የሚፈጸም ማጭበርበር!

እውነት ለመናገር መስመሩ ያጓጓል። ሁለት ነገር ጠየቅኳት። በየጉድጓዱ የጨመርሽው ፕሮቲን እኩል ነው? ከግመሏ ጡት ሲታለብ ዓይንሽ ያየው ወተትስ ጄሉ ላይ አለ? ሁለቱም አልነበሩም። መጠኑን በብራድፎርድ ዘዴ ሳትለካ በግምት ነው የጫነችው። ሻጮቹን ከላም ወተት ጋር እንጂ ከእርግጠኛ የግመል ወተት ጋር አላስተያየችም።

ቅር እያላት ወደ መንጋው ሄዳ እያየች አስልባ መጣች። የሁሉንም ፕሮቲን ለክታ፣ እኩል ጭና ደገመችው። መስመሩ በሁሉም ላይ ወጣ። በዓይኗ እያየች በታለበውም ላይ ጭምር። ለካ የግመል ወተት 19 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን የራሱ ፕሮቲን አለው፤ ባክቴሪያን የሚለይ የመከላከያ ፕሮቲን ነው። እንዲህ ባለ ጄል ላይ ሁለቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። የመጀመሪያው ቀን መስመሩ በአንዷ ላይ ብቻ የታየው የእሷ ናሙና በዝቶ ስለተጫነ ነበር።

ያቺን ሻጭ አስቡ። ጥላዋ ሥር ቁጭ ብላ ስትሸጥ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አጭበርባሪ ተብላ ልትጻፍ ምንም አልቀራትም ነበር። ስሟ ባይጠቀስም ገበያው ትንሽ ነው፤ ወሬ ይሄዳል። እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ ነው የምናገረው። መድገም የዲፌንስ ፎርማሊቲ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ከናሙናው ጀርባ እንጀራዋን የምታበስል ሴት አለች።

ሌላም አለ። አንድ ተማሪ የላሙ ወተት ከወትሮው በጣም ፈጥኖ ረጋለት። ግመሉ ሲዘገይ ላሙ ሲፈጥን ልዩነቱ ግራፉ ላይ ልብ ይሞላል። ቴክኒሽያናችን ግን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው፣ ጠርሙሱን አንሥቶ «ይህን የላም ዱቄት ወተት በምን በጠበጥከው?» አለው። በቧንቧ ውሃ ነው። የተጣራው አልቆ ነበር። የድሬዳዋ ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት፣ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። ካልሲየም ነው። ካልሲየም ደግሞ ወተት ሲረጋ ያፋጥናል። ጋሼ ዲግሪ የለውም። እኔ ግን ውጤት ሲያምርብኝ መጀመሪያ የማሳየው ለእሱ ነው፤ እናንተም ከላብ ቴክኒሽያን ጋር ቡና ጠጡ።

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ኢንዛይም የተማረ ሁሉ የኢንዛይምን የሥራ ፍጥነት የሚያሰላውን የሚካኤሊስና የሜንተንን ቀመር ያውቃል። ሊዮኖር ሚካኤሊስና ካናዳዊቷ ሐኪም ሞድ ሜንተን በርሊን ሆነው በፈረንጆቹ 1913 ያወጡት ነው። ቪክቶር ሄንሪ ፓሪስ ውስጥ በ1903 ተመሳሳይ ቀመር ጽፎ ነበር። የእሱ ሙከራዎች የአሲድነቱን መጠን አልተቆጣጠሩም። እነሚካኤሊስ ያንኑ ስኳር ሰባሪ ኢንዛይም ይዘው፣ አሲድነቱን በባፈር አጽንተው፣ ሥራውን እንደገና ከሥሩ ሠሩት። ስማቸው በየመማሪያ መጽሐፉ የቀረው ደግመው በሠሩት ሥራ ነው።

እንግዲህ ሠንጠረዣችሁን ስታወጡ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባዶ ሳምንታት ተዉ። አድቫይዘራችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ካላችሁ «መድገሚያ ነው» በሉት። ቅር ካለው ወደ እኔ ላኩት። ደብተራችሁ ላይ የተበላሸውንም ጄል ለጥፉ፣ ቀኑንና የክፍሉን ሙቀት ጻፉበት። ፈታኙ ሰኔ ላይ «ስንት ጊዜ ደገማችሁት?» ሲል የምትገልጡለት ገጽ ይኑራችሁ።

የመጨረሻው ጉዳይ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግቢው ጭር ይላል፣ መብራቱም ሄድ መለስ ይላል፤ ናሙናው ግን ፍሪዘር ውስጥ ነው። ከመበተናችሁ በፊት ማን እየመጣ እንደሚያየው ተነጋገሩ፣ ስልኩንም በሩ ላይ ለጥፉ። ቁልፉ ጥበቃዎች ጋር ይቀመጥ። በተማሪ ኪስ ውስጥ ሆኖ ክረምቱን ጎጃም ያሳለፈ የፍሪዘር ቁልፍ አውቃለሁ።