ሲጋራ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ፦ ለጥያቄዎቻችሁ

ሲጋራውን በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ብቀይረውስ፣ እንቅልፌ ይስተካከላል?

ኒኮቲን፣ ማለትም ሱስ የሚያስይዘው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካለበት አይስተካከልም።

«ስናደድ ሁለቴ ሳብ ሳደርግ ይለቀኛል፤ ሐኪሙ ግን ጭንቀት ይጨምርብሃል አለኝ። ማንን ልመን?» የሚል ወንድማችን አለ።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የሚለቅህ ግን ምኑ ነው? ጭሱን ስትስበው ኒኮቲን በ10 እና በ20 ሰከንድ መካከል አንጎልህ ይደርሳል። ወዲያው አድሬናሊንና ኮርቲሶል ከፍ ይላሉ፤ እነዚህ ሰውነት ለአደጋ ሲዘጋጅ የሚለቃቸው ሆርሞኖች ናቸው። ልብህ ይፈጥናል፣ ደም ግፊትህ ይጨምራል። ይሄ መረጋጋት ነው? በ2 ሰዓት ገደማ ደግሞ በደምህ ያለው ኒኮቲን በግማሽ ይቀንሳል። ሱስ የለመደው አንጎል ያኔ መቁነጥነጥ ይጀምራል። ትነጫነጫለህ፤ ትንሹ ነገር ሁሉ ይከብድሃል። ቀጣዩ ሲጋራ የሚያስታግሰው ይህንኑ ነው። ያናደደህ ጉዳይ እንደሆነ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ራሱ እሳት ለኩሶ ራሱ ውሃ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት ቢኖርህ ታመሰግነው ነበር?

ስታቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ አልዋሽህም። ብስጭቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ያቆሙ ሰዎች ጭንቀታቸው ከቀድሞው ቀንሶ እንደሚገኝ ጥናቶች ያሳያሉ።

አንዲት እህት ባሏ ሌሊት እየተነሳ አጭሶ እንደሚተኛ ጽፋለች። «ካላጨሰ አይተኛም» ትላለች።

የሚቀሰቅሰው እኮ ሱሱ ነው! ተኝቶ ሳለ ኒኮቲኑ ይወርድና አንጎሉ ይጠይቀዋል። እሱም ተነስቶ ባጨሰ ቁጥር ሰውነቱን በዚያ ሰዓት መንቃት ያስለምደዋል። ኒኮቲን አነቃቂ ስለሆነም መልሶ የሚያገኘው እንቅልፍ ጥልቀት የለውም። በዚያ ላይ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ ሐኪም ይየው።

«ሲጋራ ለማቆም የኒኮቲን ፕላስተር ቆዳዬ ላይ ለጥፌ ስተኛ ጉድ የሆነ ሕልም አያለሁ።»

ማታ ከመተኛትሽ በፊት ከቆዳሽ ላይ አንሺው። ፋርማሲስትም ጠይቂ።

«ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ የለመድኩት ቡና እንቅልፍ ነሳኝ።»

የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስታቆም ካፌይኑ ሰውነትህ ውስጥ ይቆያል። ቡናውን በግማሽ ቀንስ። እዚህ ላይ ግን አደራ የምለው አለ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡትን ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የምትወስዱ ሰዎች፣ እነዚህም መድኃኒቶች በዚሁ መንገድ ነው የሚወገዱት። ሲጋራ ስታቆሙ መጠናቸው በደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ በተለይ ክሎዛፒን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ከማቆማችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ መድኃኒቱን ራሳችሁ አትቀንሱ።