የፋብሪካው ደመወዝ ወይስ የልጆቹ ሜዳ?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ ዓመት ከመንፈቅ ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። አሁን በአንድ ሳምንት ሁለት ነገር መጣ። አንድ ፋብሪካ ታይም ኪፐር (የሠራተኛ ሰዓት መዝጋቢ) አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው። አንድ የግል ትምህርት ቤት ደግሞ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሁኚ ብሎኛል፤ ደመወዙ ግን ከፋብሪካው ያንሳል። የምኖረው እናቴ ቤት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቴ ደግሞ ሁለቱንም ተዪያቸው ትለኛለች። የ13 ዓመት ሴትና የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አላት፤ ኳስ፣ ሮቦቲክስ ክበብ፣ የትምህርት ቤት ጉዞ እያሉ ቀናቸው ሙሉ ነው። እሷ ማክሰኞና ሐሙስ እራቷን መኪና ውስጥ ነው የምትበላው። ለአንድ ቀን የሙዚየም ጉዞ የሚያስሞሏት ወረቀት ፍሪጇ ላይ ተለጥፎ አይቼ ስቄባታለሁ። ‹መነሻ ገንዘብ ልላክልሽ፣ የልጆች የጉዞና የስፖርት ድርጅት ክፈቺ፤ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞችሽ የእኔ ልጆች ናቸው፣ ሐምሌ ላይ እልካቸዋለሁ› ትላለች። ምን ይሻለኛል?»

እኅቴ፣ የትምህርት ቤቱን ሥራ ያዢ። የአክስትሽ ገንዘብ ለጊዜው እዚያው እሷ ጋ ይቀመጥ። ይህን የምልሽ እናትሽ ቤት ስለምትኖሪ ነው፤ በየወሩ አከራይ በር የሚያንኳኳብሽ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት ፋብሪካውን እልሽ ነበር። በባዶ ሆድ ፊሽካ አይነፋም።

ታይም ኪፐርነት የሚናቅ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ሲቪሽ ላይ የሚጨምረው አንድ መስመር ነው፣ እሱም ወደምትፈልጊው ቦታ አይወስድሽም። አንቺ የምትፈልጊው ወላጅ ልጁን አምኖ የሚሰጥሽ ሰው መሆን ነው። ዶላሩ ቢሮ ይከራያል፣ ባነር ያሠራል። እናቶቹን የሚያመጣልሽ ግን ልጆቻቸው በሚውሉበት ግቢ አንድ ሙሉ ዓመት መታየትሽ ነው።

ከደብዳቤሽ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ ሮቦቲክሱ የጻፍሽውን አይደለም፤ የፍሪጁን ወረቀት ነው። የልጁ ስም፣ የሚሄድበት ቦታ፣ የሚነሳበትና የሚመለስበት ሰዓት፣ የማይስማማው ምግብ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ችግር ቢፈጠር የሚደወልላቸው የሁለት ሰዎች ስልክ፣ ከታች የእናት ፊርማ። አንቺ ስቀሻል። እኔ አልሳቅሁም።

መምህር በነበርኩ ጊዜ ስሙን ከማልጠራው ትምህርት ቤት 46 ተማሪዎች ይዘን አንኮበር ሄድን። መምህራኑ ሁለት ነን። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቅርብ ነው ብለን የስም ዝርዝር እንኳ አልያዝንም፣ አውቶቡስ ውስጥ ራስ ቆጥረን ተነሳን። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ወጣን፣ ታሪክ ተነገረ፣ ዳቦ ተበላ፣ ፎቶ ተነሳን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንቆጥር 45። ደግመን ቆጠርን፣ 45። ጉሙ ከቆላው በኩል ሽቅብ እየወጣ ነው፣ ሾፌሩ መሪውን በመዳፉ እየመታ ይነጫነጫል። ማን እንደጎደለ ለማወቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀን፤ ስም የለንማ! ልጁ የተገኘው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እናቱ «መቼም እዚያው ነህ» ብላ ግማሽ ኪሎ ቡና ለአያቱ እንዲያደርስ ሰጥታው ኖሯል። አያት ደግሞ ቡና ሳታፈላ የልጅ ልጇን አትሸኝም። እስከ በረካው ጠጥቶ፣ ኪሱን ቆሎ ሞልቶ ከች አለ። እኔ ልቆጣ ወይስ ልሳቅ ግራ ገባኝ። ትምህርት ቤቱ ግን አልቸገረውም፦ ሁለት መምህር ብቻ የመደበው ራሱ ሆኖ ሳለ ማስጠንቀቂያው ለእኛ ተጻፈ፣ ጉዞ የሚባል ነገርም ለሦስት ዓመት ቀረ።

ኋላ እንዳነበብኩት፣ ኤንኤስፒሲሲ የተባለው የእንግሊዝ የሕፃናት ጥበቃ ድርጅት ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ቢያንስ ለ10 ልጅ አንድ አዋቂ እንዲኖር ይመክራል። በዚያ ስሌት እኛ አምስት ሰው ያስፈልገን ነበር። አክስትሽ በስልክ የምታወራልሽ ጉዞ ከላይ ሲያዩት ሽርሽር ነው፤ ከሥሩ ግን ስም የያዘ፣ ስልክ የያዘ፣ የሚቆጥር ሰው አለ። ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ሰው ነው።

ሌላው ነገር ማክሰኞና ሐሙሱ ነው። እዚያ ያሉትን ልጆች ንቁ ያደረጋቸው በዓመት አንዴ የሚሄዱበት ሙዚየም አይደለም፤ በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሜዳ፣ አንድ የሚጠብቃቸው አዋቂ መኖሩ ነው። እናትየው መኪና ውስጥ እራቷን እየበላች መሆኑንም አትርሺ፤ የዚህ ሁሉ ዋጋ እሱ ነው። አይስላንድን እይ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. እዚያ ከ15 እስከ 16 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረን ነበር ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ሆነ። አንዱን ነገር ብቻ ምክንያት አድርጎ መናገር ባይቻልም፣ ያደረጉት ይታወቃል፦ ለልጆች ስፖርትና ኪነ ጥበብ ከከተማ አስተዳደሩ በጀት መደቡ፣ ማታ ልጅ ውጭ የሚቆይበትን ሰዓት ወሰኑ፣ ወላጆችን አስፈረሙ።

እኛ ከተማ ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት የማን ነው? የጆተኒ ቤትና የፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ክበብ የለም ማለቴ አይደለም። ሚኒ ሚዲያው፣ ቀይ መስቀሉ፣ አካባቢ ጥበቃው፣ ሥርዓተ ፆታው በየዳይሬክተሩ ግድግዳ ላይ በሰንጠረዥ ተለጥፏል። መጀመሪያ ላይ አባል ይመዘገባል፣ መጨረሻ ላይ ሪፖርት ይጻፋል፣ መሐል ላይ የተሰበሰበ ሰው የለም። (ሰልፍ ላይ የምትጮኸውን የሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ ልተዋት፤ እሷ እንኳ ትሠራለች።) የአንቺ ሥራ ይህ መሐሉ ነው።

ስለዚህ ዳይሬክተሩ ጋ ስትገቢ በደመወዝ ላይ ብቻ አትድከሚ፤ ብዙም አይጨምርልሽም። በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ሜዳውንና የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ጠይቂ። የቅጥር ደብዳቤሽ ላይም «የሰውነት ማጎልመሻ መምህርትና የክበባት አስተባባሪ» ተብሎ ይጻፍልሽ። ለእነሱ ከቀለም በቀር ወጪ የለውም፤ አንቺን ግን ነገ ሌላ ትምህርት ቤት ወይም የሕፃናት ድርጅት ሲያወዳድርሽ ከሌላው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የሚለይሽ ያቺ ቃል ናት። ከዚያ አንድ ክበብ ብቻ ጀምሪ። ሦስት አትጀምሪ። ሩጫም ይሁን ኳስ፣ ብትፈልጊ የገና ጨዋታ፤ ዱላው ከዛፍ ይቆረጣል፣ ሩሩን ልጆቹ ራሳቸው ይሠሩታል፣ በጀት ብሎ የሚያስጨንቅሽ የለም። የመጣውንም የቀረውንም በየቀኑ መዝግቢ። ሰኔ ላይ ያ ደብተር ከዲግሪሽ ይልቅ ይናገርልሻል።

ሴት መሆንሽን እንደ ጉድለት የጻፍሽበት ቦታ አለ፤ «ወላጆች ሴት አሠልጣኝ ይቀበላሉ ወይ» ብለሻል። እንዲያውም ገበያሽ እሱ ነው። የአክስትሽ ልጅ ኳስ የምትጫወተው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ታይትል ናይን የሚባል ሕግ ወጥቶ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን በስፖርትም እንዳያገል ስለታገደ ጭምር ነው። እኛ ጋ ሰባተኛ ክፍል እንደ ነፋስ የምትሮጥ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ከሜዳው ዳር ቆማ የጓደኞቿን ጃኬት ትይዛለች። ምክንያቱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፦ ልብስ የምትቀይርበት ክፍል የለም፣ የወር አበባዋ ቀን የምትነግረው ሰው የለም፣ ቤት ደግሞ ሊጥና እንስራ ይጠብቃታል። ልምምዱን ከደወሉ ጋር አያይዘሽ ብትጀምሪና ሳይመሽ ብትለቂያት፣ አንድ ክፍል ከነመቀርቀሪያው ብታስለቅቂላት፣ እናቷን በስልክ ብታናግሪያት ትመጣለች። ጉዞ ሲሆንም «ማን አብሯት አለ?» ለሚለው የአባት ጥያቄ ወንዱ መምህር የሌለው መልስ አንቺ ጋ አለ።

ወላጆችን ስታሳምኚ ግን አበበ ቢቂላን አትሽጪላቸው። አውቃለሁ፣ ያጓጓል፤ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከጃቶ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈ ሰው የሀገራችን ልጅ ነው። ግን ከአርባ ልጆችሽ አንዱም ኦሎምፒክ ላይደርስ ይችላል፣ ያኔ ወላጁ «የታለ?» ይልሻል። ልጁ ሲመሽ የት እንዳለ ታውቂያለሽ ብለሽ ንገሪያት። እናት ይህን ትገዛለች።

አሁን ወደ ሐምሌ ዕቅድሽ። አክስትሽ ልጆቿን የምትልከው የእነሱ ትምህርት ሲዘጋ ነው፤ እሱ ደግሞ የእኛ ክረምት ነው። በሐምሌ ጉም የጣርማ በርን ገደላማ መንገድ በኮስተር ከልጆች ጋር ማለፍ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። መንዝ ጓሳ፣ የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት እየጠበቀ ያቆየው ሣር፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የሚታይበት፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት ጭቃና ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከባሕር ጠለል እምብዛም ከማይርቅ ቦታ የመጣ ልጅ በማግስቱ ኳስ አጫውቺው ብትባዪ እንቢ በይ። የከፍታው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ይረፉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ጓሳን ለገና ሰሞን ያቆዩት። በክረምቱ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉን ልጅ ከሰፈር ልጆች ጋር ጅራፍ ሲገምድና ሆያ ሆዬ ሲል አስቢው፤ ከየትኛውም አስጎብኚ ይበልጥበታል።

ሜሪላንድ ውስጥ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠበቅበታል። ትልቁ ልጅ እዚህ ክበብሽ ውስጥ ትንንሾቹን ኮምፒውተር ቢያስተምር ሰዓቱ ይቆጠርለት እንደሆነ አክስትሽ ከመምጣቱ በፊት ትምህርት ቤቱን ትጠይቅ። ከተቆጠረለት ለአንቺም ነፃ መምህር መጣልሽ።

የመንገዱን ነገር ሳልነካው አላልፍም። የሰው ልጅ ይዘሽ ከከተማ ከመውጣትሽ በፊት ጸጥታውን ከወረዳውና ከፖሊስ በዚያው ቀን ጠዋት አጣሪ። «ሰላም ነው ይባላል» በቂ መልስ አይደለም። ከተጠራጠርሽ ጉዞው ይቅር፤ ከተማው ውስጥ ብርድ ልብስ ፋብሪካው አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ አስፈቅደሽ በእግር ትወስጃቸዋለሽ።

ወረቀት ከጠየቅሽኝ፣ መጀመሪያ የቀይ መስቀልን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ውሰጂ። ኳሱ ላይ ካተኮርሽ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ዲ ላይሰንስ የሚባለው የጀማሪ አሠልጣኞች ሥልጠና ሲወጣ ተመዝገቢ፣ ከተማው ውስጥ ያሉት የታዳጊ ፕሮጀክቶችም ያኔ ይፈልጉሻል። በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ካሰብሽ ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የመምህርነት ዲፕሎማ) አለ፤ እሱ ግን አይቸኩልም። የአክስትሽን ገንዘብ የምትቀበዪው ክበብሽ አንድ ዓመት ሞልቶ፣ አንድ ጉዞ ሄዶ በሙሉ ቁጥሩ ሲመለስ ነው። ያኔም በስጦታ ሳይሆን በጽሑፍ ውል ይሁን፤ የዘመድ ገንዘብ ያለ ወረቀት ሲሆን በየሠርጉና በየልቅሶው ይነሳል።

እስከዚያው አክስትሽ ያን የፍሪጅ ወረቀት ጥርት አድርጋ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልሽ። ወደ አማርኛ መልሺው። «አለርጂ» የሚለው ጋ ስትደርሺ የእኛ እናቶች በሚሉት «የማይስማማው» በዪው። ከፊርማው በላይ ደግሞ ሜሪላንዶች የማያውቁትን አንድ መስመር ጨምሪበት፦ «ልጁ በመንገዱ የሚያደርሰው ዕቃ ወይም የሚጠይቀው ዘመድ አለ?» ሰኞ ዳይሬክተሩ ጋ ስትገቢ በእጅሽ ይኑር።